የፒያሳን ህንፃዎች ከማፍረሳችን በፊት አሸንዳቸውን እንይ

ሰሞኑን ስለ ጎንደር ፒያሳ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ አዲስ አበባ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። «እውነት ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» ብላ ደንግጣ ደወለች። የአንድ ሰው ሐሳብ ነው፣ አይዞሽ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። የአንድ ሰው ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ሦስቱ «ልክ ብሏል» ብለው ነው የላኩልኝ። እኔ ልክ አይመስለኝም። ለምን እንደማይመስለኝ አንድ በአንድ ልናገር።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ከተማዋን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፣ የተቆጩትም ስለሚወዷት ነው። የሚሉት ይህን ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ባለ ፎቅ ቢሮዎችና ሱቆች ፋሺስት ጣሊያን የሠራቸው ናቸው፤ እነሱን ተንከባክቦ ማቆየት ወራሪን ማክበር ነው። ደግሞም አያምሩም፤ ጌጥ የሌላቸው ደረቅ ሳጥኖች ናቸው፣ ከፋሲል ግንብ አጠገብ መቆማቸው ያሳፍራል። አርጅተዋል፣ ያፈሳሉ፣ እነሱን ማደስ አዲስ ከመሥራት ይብሳል። ቦታው ወርቅ ነው፤ ባለ 12 ፎቅ የመስታወት ህንፃ ቢቆምበት ሥራም ግብርም ያመጣል። ያም ህንፃ አናቱ ላይ እንደ ግንቡ ክብ ጉልላት ቢደረግለት ጎንደርነቱን ይጠብቃል። በመጨረሻም ቱሪስት የሚመጣው ግንቡን ሊያይ እንጂ ፖስታ ቤት ሊያይ አይደለም።

ከእነዚህ በአንዱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ በሌላው ደግሞ ግማሽ በግማሽ። ስደርስበት እናገራለሁ።

ከወራሪው ልጀምር፣ ከባዱ እሱ ነውና።

ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በመላው ምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው የእኛው ከተማ ናት። በእነዚያ ዓመታት የሆነውን ለጎንደሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ጫካ ያልገባ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ህንፃዎቹ የቆሙበት ፕላን ራሱ ንጹሕ አይደለም። ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። ጣሊያኖቹ የሚኖሩበትን ሰፈርና የአገሬው ሰው የሚኖርበትን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ሰውን በቆዳው ቀለም የለየ ፕላን ነው። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። እንዲያውም እሳቸው ካነሱት በላይ መነገር አለበት፣ ልጆቻችን ያንን አደባባይ ሲያቋርጡ ማን እንዳይረግጠው ታስቦ እንደተቀየሰ ማወቅ አለባቸው።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ይፍረስ» የሚለው ላይ ስንደርስ መንገዳችን ይለያያል።

ሊማሊሞን አስቡ። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን ያን ጠመዝማዛ መንገድ የቀየሰው ጣሊያን ነው። እዚያው ወልቅፊት ላይ ስንት አርበኛ ወድቋል። እስከ ዛሬ አንድ ሰው «የፋሺስት መንገድ ነው፣ ይዘጋ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እህል ጭኖ የሚወርደው ሹፌር ሙሶሎኒን እያከበረ አይደለም፣ እንጀራውን እየፈለገ ነው። መንገዱ ማን ቀየሰው ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን እንናገራለን፣ ማን ነው ባለቤቱ ሲባል ደግሞ እኛ ነን። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። ጽሑፉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንድ አድርጎ ነው የተነሳው፣ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በአፋችን ላይ ያለውንም ቃል ማየት ይቻላል። ግንበኛው ፌሮ ያስራል፣ ወለሉን ሊሾ ያደርጋል። መኪና ያለው አውቶፓርኮ ሄዶ ጎማ ያስቀይራል። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነበሩ፣ ዛሬ አማርኛ ናቸው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከእነሱ የመጣ ነው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፒያሳን ፒያሳ ብለው ነው የጠሯት፣ እኔም የምጠራት እንደዚያው ነው። ማናችንም ወራሪን ማክበራችን አይደለም።

ከእኛ በላይ የተጎዱትን እንይ ከተባለም አሥመራ አለች። ኤርትራ ከ50 ዓመት በላይ በጣሊያን ቅኝ ተገዝታለች። አሥመራ በዘመናዊ የሥነ ህንፃ ቅርሷ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተዘረጋው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፣ በእኛ ፒያሳ ህንፃዎች ዘመን ማለት ነው። ያንን የቅኝ ግዛት ዘመን ሥራ አሥመራዎች የራሳችን ቅርስ ነው ብለው አስመዘገቡት። ክብራቸው አልቀነሰም።

አሁን ከታሪክ ወደ ቤቴ ልግባ።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። በ1970ዎቹ ታላቅ ወንድሜ ኤርትራ ውስጥ ወታደር ነበር፤ ደብዳቤው የሚመጣው ጎረቤታችን በነበሩ አንድ አስተማሪ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔን እጄን ይዛ ፒያሳ ትወጣለች። አስተማሪው ቁልፋቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ያቺን ትንሽ የብረት መዝጊያ ሲከፍቱ፣ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ትቆማለች። ባዶ ከሆነ ምንም ሳትናገር ትመለሳለች፣ ቁልቁለቱን እስክንጨርስ አታናግረኝም። ደብዳቤ ካለ ግን ቤት እስክንደርስ አትጠብቅም። እዚያው ደጃፉ ላይ፣ የህንፃው ጥላ ሥር ቆመን ይነበብላታል። «ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ደህና ነኝ የምትለዋን ይድገሙልኝ» ትላቸዋለች። ይደግሙላታል።

ያ ደጃፍ የሙሶሎኒ ነው ብትሉኝ አልቀበልም። ጣሊያን በከተማዋ የቆየው 6 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። እኛ ህንፃዎቹን ይዘን ከ80 ዓመት በላይ ሆነን። ደመወዝ ተቀብለንባቸዋል፣ ክስ ከፍተንባቸዋል፣ ሲኒማ አይተንባቸዋል፣ ተቃጥረንባቸዋል። ስንቱ ነው ሚስቱን መጀመሪያ ያየው ሲኒማ ቤቱ በር ላይ!

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚህ ነጥብ ልውጣ። ጣሊያኖቹ በፋሲል ግቢ ውስጥም ሰፍረው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ የቀዳማዊ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላት ስለሰፈረበት ግንቡ የጠላት አልሆነም። በእርግጥ ግንቡን ያሠሩት የራሳችን ነገሥታት ናቸው፣ የፒያሳውን ህንፃ ያሠራው ወራሪ ነው፤ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፣ አልሸሸውም። ለዚያ ልዩነት የሚስማማው ግን መዶሻ አይመስለኝም። ግድግዳው ላይ በአማርኛ ማን እንዳሠራው፣ መቼ፣ ማንን ለይቶ እንደነበረ፣ በኋላም እንዴት የእኛ እንደሆነ የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍ። ህንፃው ካለ ልጅ ይጠይቃል። ህንፃው ከሌለ ምን አይቶ ይጠይቃል?

ወደ ውበት እንሂድ። «አያምሩም» ለሚል ሰው ያምራሉ ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፣ ዓይን የየራስ ነው። ምክንያቱ ላይ ግን መነጋገር እንችላለን። ጸሐፊው ያቀረቡት ምክንያት ጌጥ የላቸውም የሚል ነው። ጌጥ ያጡት ገንዘብ ስላነሰ አይደለም። በዚያ ዘመን የተነሳው የሥነ ህንፃ አስተሳሰብ ውበት ከአበባ ቅርጽና ከሐውልት ሳይሆን ከመጠኑ፣ ከመስመሩና ከጥላው ይምጣ የሚል ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ስትዘነብል፣ ፒያሳ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ህንፃ ጥግ የለውም፣ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚያልፈው፤ ብርሃኑ እዚያ ዙር ላይ ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይለወጣል። ልጅ ሆኜ እጄን በዚያ ዙር ግድግዳ ላይ እያሻሸሁ እሄድ ነበር። ልስኑ ለስላሳ ነበር።

ደግሞም ጌጥ አልባነት ያሳፍራል ከተባለ ከነፃነት በኋላ ራሳችን የሠራነውንም ልናፍርበት ነው። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ ነው፤ ንድፉ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ ጣሊያናዊ ነው እሱም። ከውጭ ስታዩት ቀጥ ያለ፣ ያልተሸለመ ህንፃ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው እዚያ ውስጥ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ያለው እዚያው ነው። በቅርቡ ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። አርጅቷልና ይፍረስ ያለ የለም። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የዚሁ ሰው ሥራ ነው፣ የከተማው ሰው ይኮራበታል እንጂ አያፍርበትም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያዩትን እኔም አያለሁ። ፒያሳ ዛሬ አታምርም። የማታምርበት ምክንያት ላይ ነው የማንስማማው። በአንድ ግድግዳ ላይ አምስት ዓይነት ቀለም አለ፣ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ድርሻ ብቻ ስለሚቀባ። ከላይ ዲሽ፣ ከሥር የተንዘላዘለ ሽቦ፣ መሐል ላይ መስኮቱን የሸፈነ ባነር። የእንጨቱ መዝጊያ ተነቅሎ አሉሚኒየም ገብቷል። አንዱ ሱቅ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ውጭ ላይ ለጥፏል። ይህን ያደረገው ጣሊያን አይደለም። እኛ ነን ያደረግነው፣ አብዛኛውም በሁለት ሳምንት ሥራ ሊነሳ የሚችል ነው።

እርጅናው። ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው ያፈሳሉ። እውነት ነው የተሰነጠቁ በረንዳዎች አሉ፣ ከሥራቸው ሰው ስለሚያልፍ ዝም ሊባሉ አይገባም። መሐንዲስ ገብቶ መርምሮ «ይህኛው አይድንም» ካለ እኔ አልከራከርም። ግን ጽሑፉ ሁሉንም ባንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የፈረደባቸው፣ እድሳቱ ከአዲስ ግንባታ ይበልጣል ሲልም ሂሳብ አላሳየም። የየትኛው ህንፃ? የምኑ እድሳት? ጣሪያ መቀየር ነው ወይስ ምሰሶ ማጠናከር?

ባለፈው ሐምሌ ፒያሳ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ጋ ሱሪ ላሳጥር ገባሁ። ሱቃቸው ከእነዚያ ህንፃዎች የአንዱ ምድር ቤት ነው። ውጭ ዶፍ ይዘንባል። አያ ሽማግሌው ሲንጀራቸውን ከግድግዳው ነጥለው መሐል ወለል ላይ አድርገውታል፤ ግድግዳው ከጣሪያው እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ሆኗል፣ ልስኑ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። «አረጀ እኮ ልጄ፣ ምን ይደረግ» አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ግንበኛ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤት መሰላል ለምኖ ወጣ። እኔም ከኋላው ወጣሁ።

አሸንዳው ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የርግብ ጎጆ፣ ፌስታል፣ አንድ የልጅ ጫማ። ከአሸንዳው ወደ ታች ውሃ የሚያወርደው ቱቦ ደግሞ ከመሐሉ ተቆርጧል። ለምን ተቆረጠ? ከሥሩ የሱቅ ታፔላ ለመስቀል። ስለዚህ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ቱቦው በተቆረጠበት አፍ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። ጓደኛዬ ጫማዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ አሳየኝና «ይኸው እርጅናው» አለ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል። የዛገ ብረት ያብጣል። ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። በረንዳዎቹን እየበላ ያለው ይህ ነው። ነገ የምንሠራው ባለ 12 ፎቅ ህንፃም አሸንዳው ከተደፈነ ዕጣው ያው ነው፣ ምናልባትም ከዚህ ቶሎ ይደርስበታል። አንድን ህንፃ ሳንጠርግ ኖረን፣ ሲበላሽ አርጅቷል ብለን አፍርሰን ሌላ ብንሠራ፣ ያንንም አንጠርገውም።

ለምን አይጠረግም ብሎ መጠየቅ ነበር የጽሑፉ ሥራ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ስንቱ ቤት ነው ወራሽ እንደሌለው ሰው የቀረው? ተከራዩ የራሱ ላልሆነ ጣሪያ ገንዘብ አያወጣም፣ ነገ ልቀቅ ሊባል ይችላላ። አከራዩ መሥሪያ ቤት ከሚሰበስበው ትንሽ ኪራይ ላይ ለጥገና አይተርፈውም። መሐል ላይ ያለው ግድግዳ ይበሰብሳል። የልብስ ሰፊው ሽማግሌ ቱቦው እንዲቀጠል ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተው መልስ አላገኙም። ይህ የአስተዳደር ችግር ነው፣ የሲሚንቶ ችግር አይደለም።

ደግሞ የጥገና ትምህርት እዚሁ አጠገባችን አለልን። ጣሊያኖቹ የፋሲል ግንብን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቅመው ነበር፣ ከጥንቱ ኖራ ጋር የማይስማማ ነገር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ ቦታው በኖራ ሲተካ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታትም ግንቡ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። በዚያ ሥራ ላይ ኖራ ማቡካትና መለሰን የተማሩ እጆች ዛሬ እዚችው ከተማ ውስጥ አሉ። ለ390 ዓመት ገደማ የቆመን ግንብ የጠገነ ሰው፣ ዘጠና ዓመት ያልሞላውን ፖስታ ቤት መጠገን ያቅተዋል?

አሁን ወደ ባለ 12 ፎቁ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን ቁጥር እንቁጠር። አንድ ፎቅ ቢያንስ 3 ሜትር ከምናምን ነው፤ 12 ፎቅ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። የአፄ ፋሲል ግንብ ቁመት 32 ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ፒያሳ ከግንቡ በስተሰሜን፣ አፍንጫው ሥር ናት። ጽሑፉ በአንድ ገጽ ላይ የፒያሳ ህንፃዎች ግንቡን ያሳፍራሉ ብሎ፣ በሚቀጥለው ገጽ ከግንቡ የሚበልጥ ነገር አጠገቡ ይቁም ይላል። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች አብረው አይሄዱም። ዛሬ ፒያሳ ላይ ያሉት ህንፃዎች ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ለዚህ ነው ግንቡ ሰማይ ላይ ብቻውን የሚታየን። ያ ዕይታ እንዲያው የመጣ አይደለም፣ ህንፃዎቹ አንገታቸውን ዝቅ ስላደረጉ የተረፈልን ነው።

ዩኔስኮም አለ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበ ቅርስ ነው። መዝገብ ላይ መግባት ለዘለዓለም አይደለም። የጀርመኗ ድሬስደን በአንድ ድልድይ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009 ተሰርዛለች። የእንግሊዟ ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰርዛለች፣ ምክንያቱ ወደብ ዳር የተነሱት አዳዲስ ህንፃዎች ናቸው። ሊቨርፑልም ሥራና ግብር ይመጣል ተብሎ ነው የተጀመረው። እኔ ህንፃው በቆመ ማግስት እንሰረዛለን እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ሆኗል፣ ለጎንደር አይሆንም ብሎ መወራረድ ግን በከተማዋ እንጀራ መወራረድ ነው።

ሥራ ያመጣል የሚለውን አከብረዋለሁ፣ ሥራ የሌለው ወጣት የሌለበት ቤት የለም። ግን ባለ ረጅም ፎቅ ህንፃ የሚፈልግ ባለሀብት ፒያሳን ማፍረስ አይጠበቅበትም። ወደ ማራኪ፣ ወደ አዘዞ፣ በአየር ማረፊያው መንገድ ቦታ አለ። ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፈው ለዓመታት የቆሙ ጅምር ህንፃዎችን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ፒያሳ ፈርሳ ሌላ ጅምር ቢቆምባትስ? የፈረሰው አይመለስ፣ የተጀመረው አያልቅ። በእነዚያ ምድር ቤቶች ዛሬ የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች፣ ሰዓት ጠጋኞች፣ ጫማ ሻጮች፣ ማኪያቶ የምታፈሉት ልጆች፣ በአዲሱ መስታወት ህንፃ ኪራይ መክፈል የሚችል ከመካከላችሁ ስንቱ ነው? ጽሑፉ የሚመጣውን ሥራ ቆጥሯል፣ የሚጠፋውን አልቆጠረም።

መስታወቱን በተመለከተ ግንበኛው ጓደኛዬ ያለኝን ልድገም። እነዚያ አሮጌ ግድግዳዎች ወፍራም ናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ግቡ፣ ውጭ ፀሐይ እየፈጀ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ያለ ምንም መብራት። የመስታወት ህንፃ በዚያው ፀሐይ ምድጃ ይሆናል። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ሊፍት ይፈልጋል፣ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቀን አሥረኛ ፎቅ ላይ ጉዳይ ያላት አሮጊት ምን ትሁን?

ጉልላቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የፋሲል ግንብ አራት የጥግ ማማዎች እንዲያ ክብ የሆኑት ለጌጥ ተብሎ ከላይ የተቀመጡ ስለሆኑ አይደለም፤ ከመሠረቱ ጀምሮ በድንጋይና በኖራ አብረው የወጡ ናቸው። በብሎኬት ሠርቶ ቡናማ ቀለም የተቀባ ጉልላት የባንክ ህንፃ አናት ላይ ማስቀመጥ ግንቡን ማክበር አይደለም። እንግዳ ሲመጣ የትኛው የእውነት፣ የትኛው የቅጂ እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ግንቡን ነው የሚጎዳው። አዲስ ህንፃ ስንሠራ ከጎንደር ድንጋይና ከድንጋይ ጠራቢዎቻችን እንጠቀም ቢሉ ኖሮ መጀመሪያ የማጨበጭብላቸው እኔ ነበርኩ።

ቱሪስቱ። እስማማለሁ ያልኩት በዚህኛው ነው። ፖስታ ቤት ለማየት ብሎ ባሕር የሚሻገር የለም፣ ከነበረም ጥቂት ነው። ግን ከተማ የምትሠራው ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው እንዴ? በጥምቀት ሰሞን ፒያሳ በሰው ስትጥለቀለቅ፣ ከበረንዳዎቹ ላይ እልልታው ሲወርድ፣ ፎቶ የሚያነሳው እንግዳ ይሆናል፣ እልል የምትለው ግን የሰፈሩ ሴት ናት። ፖስታ ቤቱን ለእሷ ብለን ነው የምናቆየው።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። ከግንቦት መጨረሻ በፊት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ብንገናኝ ደስ ይለኛል። ግንበኛው ጓደኛዬ ይመጣል፣ መሰላሉንም ጎረቤቱ እንደማይከለክለን ቃል ገብቷል። የልብስ ሰፊውን ሽማግሌ ቱቦ ለመግዛት እኔና ሌሎች ሁለት ደንበኞቻቸው ገንዘብ አዋጥተናል፣ ማስቀጠያው ፈቃድ ብቻ ነው የቀረን። እርስዎ ደግሞ በጽሑፍዎ ብዙ ሰው ጋ መድረስ እንደሚችሉ አይተናል። አራተኛውን ማመልከቻ አብረን እንፈርመው።